ሰርቨሩ ለምን ዘፈነ? የዋሽንግተን ዲሲ የኢንተርኔት ምርጫ ሙከራ

መራጩ ድምፁን ሰጥቶ ጨርሷል። ስክሪኑ ላይ «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ መጥቷል። ገጹን ሳይዘጋ 15 ሰከንድ ያህል ከቆየ ድንገት ሙዚቃ ይጀምራል። መለከትና ከበሮ ያለበት፣ ስታዲየም ውስጥ የሚሰማ ዓይነት ማርሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የዋሽንግተን ዲሲን የኢንተርኔት ምርጫ ሲስተም ከሞከሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ሰምተዋል። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ለማድመቂያ ያስገቡት መስሏቸው «የምን ዜማ ነው?» ብለው የጠየቁም ነበሩ። ዜማው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች መዝሙር ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ደግሞ ሌላ ግዛት ውስጥ ነው። ከዲሲ ምርጫ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም።

ማለትም አልነበረም፤ ያን ሳምንት ግን ተገናኙ። የምርጫ ቴክኖሎጂን ስለመፈተሽ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዘፈኑና ስለ ሃከሮቹ ጉብዝና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ሙከራው የተሳካው ለትንሽ ነው። ሊያመልጣቸውም ይችል ነበር።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ከአገር ውጭ የሚኖር አሜሪካዊ መራጭ ድሮም መከራውን ያያል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ይሄዳል፤ ተሞልቶ በፖስታ ይመለሳል። መራጩ ወታደር ከሆነ ደግሞ ፖስታው እሱን ፍለጋ ከካምፕ ካምፕ ሲዞር የምርጫው ቀን ያልፋል። በ2009 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይህን ለማቃለል ሞከረ። ባዶው ወረቀት ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው እንዲላክ፣ ለሚፈልግ መራጭም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርሰው አዘዘ።

ዲሲ ላይ ይህ ጭንቀት ሆነ። ለዋናው ምርጫ የሚቀርቡት ዕጩዎች የሚለዩበት ምርጫ የተካሄደው ሴፕቴምበር 14 ነው። ዋናው ምርጫ ደግሞ ኖቬምበር 2። በመካከሉ 49 ቀን ብቻ አለ። ውጤቱን አጽድቆ፣ አዲሱን ወረቀት አዘጋጅቶ ለመላክ የሚቀረው 4 ቀን ነው። በፖስታ የማይታሰብ ነገር ነው።

ሕጉ ያዘዘው ባዶውን ወረቀት ማድረስን ብቻ ነበር። የከተማዋ የምርጫ ቦርድ ግን አንድ ነገር ጨመረበት፤ የተሞላውም በኢንተርኔት ይመለስ አለ። በፌዴራል መንግሥት ድጎማ፣ ለምርጫ የሚሆን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ከሚሠራ ድርጅት ጋር ሆኖ ሲስተሙን አሠራ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መራጩ በፖስታ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ላይ 16 ፊደላትና ቁጥሮች የተቀላቀሉበት ሚስጥራዊ ኮድ አለ። በዚያ ኮድ ድረ ገጹ ውስጥ ይገባና ወረቀቱን በፒዲኤፍ ያወርዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ሞልቶ መልሶ ይጭነዋል። ሰርቨሩ የተጫነውን ፋይል ይመሰጥረዋል። የምስጢሩ መፍቻ ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥም፤ ከኢንተርኔት ውጭ በምርጫ ሠራተኞቹ እጅ ነው። ቆጠራ ሲደርስ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይወሰዳሉ፣ ይፈታሉ፣ ታትመው ይቆጠራሉ።

እንዲህ ሲነገር ሲስተሙ ደህና ይመስላል። የሶፍትዌሩ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያነበው ክፍት ነው። ምስጠራ አለው። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ አጥር፣ ፋየርዎል፣ አለው። ሰርጎ ገብ ሲመጣ የሚጠቁም መሣሪያም ተገጥሞለታል።

ቦርዱ ከዚህም አልፎ ሌሎች የማይደፍሩትን አደረገ። ሲስተሙ ለእውነተኛው ምርጫ ከመዋሉ በፊት የሙከራ ምርጫ ከፈተ። የፈለገ ይምረጥበት፣ መስበር የሚችልም ይስበረው ብሎ ሕዝቡን ጋበዘ። እዚህ ላይ ሳላመሰግነው አላልፍም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁሉም ይተርታል፤ በራሱ ቤት ላይ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው።

ሙከራው የተከፈተው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2010 ነው፤ በእኛ መስከረም 18 ቀን 2003 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዋናው ምርጫ 5 ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

አንድ የጥቅስ ምልክት

ግብዣውን ከተቀበሉት መካከል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የሆነው አሌክስ ሃልደርማን ይገኝበታል። አብረውት ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎችና አንዲት የዩኒቨርሲቲው የቴክኒክ ሠራተኛ ነበሩ። አራት ሰው ናቸው። የሚከፍላቸው የለም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቁጭ ብለው አነበቡት። የሲስተሙንም ግልባጭ የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው ሞከሩት።

ያገኙት ቀዳዳ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅም ይገባዋል።

መራጩ ፋይል ሲጭን ሰርቨሩ ለፋይሉ አዲስ ስም ያወጣለታል። የስሙን ጅራት ግን፣ ከነጥቡ በኋላ የምትመጣዋን፣ መራጩ እንደጻፋት ይተዋታል። አብዛኛውን ጊዜ ጅራቷ «ፒዲኤፍ» ናት። ከዚያ ሰርቨሩ «ይህን ስም የያዘውን ፋይል መስጥር» የሚል የትእዛዝ መስመር ያዘጋጅና ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጣል። በመስመሩ ላይ የፋይሉ ስም የሚቀመጠው በድርብ ጥቅስ መካከል ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ትእዛዝ ላይ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ የገባ ነገር ተራ ጽሑፍ ነው። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ሲሆን ግን የዶላር ምልክትና ቅንፍ ካለበት በቅንፉ ውስጥ ያለው ቃል እንደ ትእዛዝ ይፈጸማል። ስለዚህ በፋይሉ ስም ጅራት ላይ፣ በዶላር ምልክትና በቅንፍ «10 ሰከንድ ተኛ» የሚል ትእዛዝ ብታስገቡበት ሰርቨሩ እሺ ብሎ 10 ሰከንድ ይተኛል። ሌላም ብታዙት ይታዘዛል።

ፖስታ እንዲያድል የተቀጠረ ሰው አስቡ። ሥራው አድራሻ ማንበብ ብቻ ነው። አንድ ቀን አድራሻው ቦታ ላይ «ካዝናውን ክፈት» የሚል ተጽፎ ያገኛል። ሄዶም ይከፍተዋል። ሰርቨሩ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አንድ እንቅፋት ነበር። ፋየርዎሉ ሰርቨሩ በራሱ ተነሥቶ ወደ ውጭ እንዲገናኝ አይፈቅድም። ትእዛዙ ይፈጸማል፤ መልሱ ግን አይወጣም። ልጆቹ መልሱን የድረ ገጹ ሥዕሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ እንዲጻፍ አደረጉ። ከዚያ እንደማንኛውም የድረ ገጽ ሥዕል በብራውዘር አወረዱት። ፋየርዎሉ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ድረ ገጹ ሥዕል ለጎብኚ ማሳየቱን የሚከለክል ፋየርዎል ደግሞ የለም።

ሙከራው በተከፈተ በ48 ሰዓት ውስጥ የምርጫ ሰርቨሩ ከሞላ ጎደል በእጃቸው ገባ።

ምስጠራው ያላዳነው

መጀመሪያ ያደረጉት እስከዚያ የተሰጡትን ድምፆች በሙሉ መቀየር ነበር። በተመሰጠሩት ፋይሎች ፈንታ የራሳቸውን አስገቡ። የመረጧቸው ዕጩዎች የፊልምና የልብ ወለድ ሮቦቶች ነበሩ። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ውጤቱን ያየ ሰው ግን ስህተት ነው ብሎ ሊያልፈው እንዳይችል ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ፋይሎቹ ተመስጥረዋል፣ መፍቻው ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የለም አላልክም?» ቢለኝ አይፈረድበትም። ብያለሁ። ልጆቹም የድሮዎቹን ፋይሎች አልፈቱም። መፍታት አላስፈለጋቸውም። ለመመስጠር የሚያገለግለው ቁልፍ ሌላ ነው፤ እሱ የግድ ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት። በዚያ ቁልፍ የራሳቸውን የውሸት ወረቀት መሰጠሩና በቦታው አስቀመጡት። ምስጠራ የተጻፈው እንዳይነበብ ይከላከላል። ማን እንደጻፈው አይናገርም። የምርጫ ሲስተም ሻጮች «ሁሉም ነገር ተመስጥሯል» ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ ይህቺ ትዝ ትለኛለች።

ምስጢርነቱም ቢሆን አልተረፈም። ሰርቨሩ ፋይሉን ከመመስጠሩ በፊት ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያሳርፈዋል፤ ከመሰጠረ በኋላ ግን ያንን አያጠፋውም። ስለዚህ ያልተመሰጠሩት ግልባጮች እዚያው ተከማችተው ተገኙ። ማን ማንን እንደመረጠ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ማየት ቻሉ።

ቀጥለው ኮዱን አሻሻሉት፤ ማለቴ ለራሳቸው እንዲመች። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ድምፅም በእነሱ ምርጫ እንዲተካ፣ እውነተኛው ደግሞ ከመራጩ ስም ጋር ለእነሱ እንዲመዘገብ አደረጉ። ከሰርቨሩ መዝገብ ላይ ዱካቸውን አጠፉ። በመጨረሻ ያቺን ሙዚቃ «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ኮዱ ብቻ አይደለም

የጥቅስ ምልክቷን ማረም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጉዳዩ እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። እኔን የገረመኝ በሰርቨሩ ዙሪያ የተገኘው ነው።

ሰርቨሩ ላይ 937 ገጽ ያለው አንድ ፒዲኤፍ ተቀምጧል። ለመራጮች የሚላኩት ደብዳቤዎች ናቸው፤ እነዚያ ባለ 16 ፊደል ሚስጥራዊ ኮዶች የተጻፉባቸው። ለሙከራ የተሠሩ የውሸት ደብዳቤዎች ደግሞ አይደሉም። ለኖቬምበሩ እውነተኛ ምርጫ የተዘጋጁ፣ የእውነተኛ መራጮች ኮዶች ናቸው። አንድ ሰው ፋይል መጫን ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር ፈልጎ አጠገቡ ያገኘውን ፒዲኤፍ ጭኖበት ይሆናል የሚል ግምት አለ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ለሙከራ የሚሆን ፋይል ሲጠፋ እጅ የሚሄደው ዴስክቶፑ ላይ ወዳለው ነው። ዓለም ሁሉ ስበሩት ተብሎ የተጋበዘበት ሰርቨር ላይ እውነተኛ የመራጭ ኮድ ማስቀመጥን የሚከለክል የኮድ መስመር የለም። የሚከለክለው አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ከሰርቨሩ ጎን ሌሎች መሣሪያዎችን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግል ሣጥን ነበር። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። አራት ፊደል። ኢንተርኔት ላይ ባለው የአጠቃቀም መመሪያ ውስጥ ታትሟል።

ልጆቹ ይህን ሣጥን ሲከፍቱ ብቻቸውን እንዳልሆኑ አዩ። ከኢራን፣ ከሕንድና ከቻይና አድራሻዎች የይለፍ ቃሉን እየደጋገመ የሚገምት አለ። ምርጫውን ፈልገው የመጡ ላይሆኑ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ማንኛውም መሣሪያ እንዲህ ዓይነት አንኳኪ አያጣም። እንግዲህ አስቂኙ ነገር ይህ ነው፦ ሰብረው የገቡት ሰዎች የቤቱ ጠባቂ ሆኑ። አንኳኪዎቹን አገዱ፤ የይለፍ ቃሉንም ከባድ በሆነ ሌላ ቀየሩት።

ካሜራም ነበር። ሰርቨሮቹ ያሉበትን ክፍል የሚያሳዩ የደኅንነት ካሜራዎች ያለ ይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ ይታያሉ። ክፍሉን ለመጠበቅ የተሰቀሉ ናቸው። ልጆቹ ሚሺጋን ቁጭ ብለው ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ነቅተውብን ይሆን እያሉ በእነዚያው ካሜራዎች ይከታተሉ ነበር።

ሰርጎ ገብ ጠቋሚው መሣሪያስ? ነበረ፤ አላየም። ወደ ድረ ገጹ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚጓዘው ተሸፍኖ ነው፤ ልክ ባንክ ስንጠቀም አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት እንደሚወጣው። መሣሪያው ያን ሽፋን ገልጦ እንዲያይ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ጥቃቱ በፊቱ አልፎ ሲሄድ ያየው የተሸፈነ ዕቃ ብቻ ነው።

ከሃከር ጋር የማይገናኝ አንድ ችግርም በዚያው ሰሞን ወጣ። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ በማክ ላይ ባለው ፒዲኤፍ መክፈቻ ወረቀቱን የሞላ ሰው ሳያውቀው ባዶ ወረቀት ይልካል። ስክሪኑ ላይ ሞልቶታል፤ የሚሄደው ፋይል ግን ባዶ ነው። ገጹም «እናመሰግናለን» ይለዋል። ይህን ለማግኘት ጠላት አያስፈልግም። ልዩ ልዩ ኮምፒውተር ያላቸው ተራ ሰዎች ያስፈልጋሉ። እንዲያውም ለእኔ ከሃከሩ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ሃከሩ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ ማክ የያዘ መራጭ ግን የግድ ይመጣል።

ማንም አላየም

ሙዚቃው መጫወት ከጀመረ በኋላ ቦርዱ ወደ ሁለት የሥራ ቀን ገደማ ምንም አላወቀም። የደረሱበትም መሣሪያ ጠቁሟቸው አይደለም። ሲስተሙን የሚሞክሩ ሰዎች ስለ ዜማው ማውራት ስለጀመሩ ነው። ኦክቶበር 1፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙከራው ተቋረጠ።

ኦክቶበር 8 ቀን ሃልደርማን የከተማዋ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መሰከረ። የ937ቱ ደብዳቤዎችና የካሜራዎቹ ጉዳይ አደባባይ የወጣው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ቦርዱ የሚያውቀው ድምፅ እንደተቀየረና ዘፈን እንደተዘፈነ ነበር። ይህን ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ዘራፊው ራሱ መጥቶ ምን ምን እንደነካ እስኪነግራቸው ድረስ የጉዳቱን ልክ አያውቁም ነበር። መዝገቡ ደግሞ ተጠርጓል።

ሙከራው ተሳካ ወይስ ከሸፈ ለሚለው ብዙ ተባለ። የቦርዱ ሰዎች «የሞከርነው ችግር ለማግኘት ነው፤ አገኘን» አሉ። ልክ ናቸው። ተቺዎቹ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ድምፅ መስጠት ገና ጊዜው አልደረሰም አሉ። እነሱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ሁለቱም ወገን ያልተናገረው አንድ ነገር አለ ብዬ አስባለሁ። እነዚያ አራት ሰዎች ያን ሳምንት ፈተና እያረሙ ቢሆንስ? ቀናቱ ያልፋሉ። ሌላ የሰበረ ሰው አይኖር ይሆናል፤ ወይም ሰብሮ ዝም ይላል። ቦርዱም «ለዓለም ከፍተን አስፈተንነው፣ ማንም አልሰበረውም» ብሎ ወደ ኖቬምበር ይሄዳል። ያ ዓረፍተ ነገር በጋዜጣ ላይ ምን ያህል እንደሚያምር አስቡት።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ተሰበረ ወይ ብዬ አይደለም። ለሙከራው ምን ያህል ቀን ተሰጠ? ኮዱን ማን አነበበው? ውስጥ ያሉት ሰዎች ሲሰበር ያውቃሉ ወይ? ዲሲ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ አልተፈተነም ነበር። ቢያስቡበት ቀላል ነው፤ የራሳቸው ሰው አንድ ድምፅ በምስጢር ቀይሮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው መቁጠር ይችሉ ነበር።

ጊዜን በተመለከተ የስዊዘርላንድ ፖስታ በ2019 ከዚህ የተሻለ አድርጓል። የድምፅ መስጫ ሲስተሙን 4 ሳምንት ያህል አስፈተነ፣ ለሚያገኝ ሽልማት አዘጋጀ። የሚገርመው ከባዱ ስህተት የተገኘው በሽልማቱ በተመዘገቡ ሰዎች አይደለም። ከዚያ ውጭ ሆነው ኮዱን ያነበቡ ሦስት ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት። ከውድድሩ ይልቅ ኮዱን መክፈቱ ጠቀመ ማለት ነው። ዲሲም ላይ ቢሆን የጥቅስ ምልክቷ የተገኘችው በንባብ ነው።

የዲሲ ቦርድ ከዚያ በኋላ የተሞላ ወረቀት በድረ ገጹ መመለስን ተወ። ድረ ገጹ ሕጉ መጀመሪያ ወደጠየቀው ሥራ ተመለሰ፤ ባዶ ወረቀት ማውረጃ ሆነ። ኖቬምበር 2 ሲቃረብ ውጭ አገር ያለው መራጭ ፒዲኤፉን አውርዶ፣ አትሞ፣ በእስክሪብቶ ሞልቶ፣ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከቶ ፖስታ ቤት ሄደ።